መስማት ለተሳናቸው መምህር ማሠልጠን፤ የጋላውዴት ኮሌጅ የድኅረ ምረቃ ክፍል ታሪክ

በ1891 መጀመሪያ ላይ በዋሽንግተን ከተማ ኤድዋርድ ማይነር ጋላውዴት የተባለ የኮሌጅ ፕሬዝዳንት ለአሜሪካ ኮንግሬስ አንድ የገንዘብ ጥያቄ አቀረበ። የጠየቀው 5,000 ዶላር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገንዘቡ ሊውል የታሰበው ከልዩ ልዩ ኮሌጆች የተመረቁ ወጣቶች አንድ ዓመት ተቀምጠው መስማት የተሳናቸውን ልጆች የማስተማር ጥበብ የሚማሩበትን ክፍል ለማቋቋም ነው። ጋላውዴት የሚመራው ኮሌጅ በዚያን ጊዜ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የከፍተኛ ትምህርት ዲግሪ የሚሰጥ በዓለም ብቸኛው ተቋም ስለነበረ፣ እንዲህ ያለው ሥልጠና ከሌላ ስፍራ ይልቅ እዚያ ቢቋቋም ተገቢ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ይገኛል ተብሎ አልተገመተም። ገንዘቡም ቢሆን ለአንድ ታላቅ መንግሥት በጀት የሚከብድ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ተቃዋሚ ተነሣ፤ ያውም ስሙ በመላው ዓለም የታወቀ ሰው። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በኮንግሬስ የበጀት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ገንዘቡ እንዳይፈቀድ ተከራከረ። የቤል ሥጋት አንድ ነገር ነበር። በዚህ ክፍል በኩል መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸው መምህራን ሆነው እንዳይወጡ ፈራ።

የሁለቱን ሰዎች ክርክር እንግዳ የሚያደርገው ሁለቱም መስማት የተሳናት እናት ልጆች መሆናቸው ነው። የጋላውዴት እናት ሶፊያ ፋውለር ከልደቷ ጀምሮ አትሰማም ነበር። አባቱ ቶማስ ሆፕኪንስ ጋላውዴት ከፈረንሳዊው መምህር ከሎራን ክሌርክ ጋር ሆኖ በ1817 በሃርትፎርድ ከተማ የመሠረተው ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ሶፊያ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ነበረች። ክሌርክም ራሱ መስማት የተሳነው ሰው ነው። እንግዲህ ኤድዋርድ አፉን የፈታው በእንግሊዝኛና በእጅ ምልክት በአንድነት ነው ማለት ይቻላል። ቤል ደግሞ በ1847 በስኮትላንድ ኤድንበርግ ሲወለድ እናቱ የመስማት ኃይሏ እጅግ የደከመ ነበር። አባቱ የሰው ድምፅ ከአፍ እንዴት እንደሚወጣ በምልክት የሚያሳይ ጽሕፈት የፈለሰፈ የንግግር መምህር ነበር። ቤል ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በቦስተን በዚሁ ሙያ ተሰማራ፤ በ1872ም መስማት ለተሳናቸው ልጆች መምህራንን የሚያሠለጥንበት የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ሚስቱ ሜብል ሀባርድም በአምስት ዓመቷ በሕመም ምክንያት መስማት ያቆመች ነበረች። ቤል ከስልኩ ይልቅ መስማት የተሳናቸው መምህር ተብሎ መታወቅን ይመርጥ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ወዳጅና ጠላት የተፋለሙበት ሳይሆን፣ በአንድ ቤት ያደጉ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ሕዝብ የወደፊት ዕድል ተቃራኒ ሐሳብ ይዘው የቆሙበት ነበር።

ጋላውዴት ወደ ዋሽንግተን የመጣው ገና በሃያ ዓመቱ ነው። የቀድሞው የፖስታ ሚኒስትር ኤሞስ ኬንዳል መሬትና ቤት ሰጥቶ፣ ኮንግሬስም በ1857 በሕግ አጽድቆ ለተቋቋመው ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኖ ሲመረጥ፣ እናቱን የቤቱ አስተዳዳሪ አድርጎ ይዟት መጣ። የተቋሙ የመጀመሪያ ስም በጊዜው ልማድ ደንቆሮዎችን፣ ዲዳዎችንና ዕውሮችን አንድ ላይ የሚጠራ ነበር። በአማርኛም ደንቆሮ የሚለው ቃል የማይሰማውንና የማያውቀውን ሰው በአንድ ስም አዳብሎ መጥራቱ ሲታሰብ፣ ይህ መምታታት የአንድ አገር ብቻ እንዳልነበረ ይታወቃል። አብርሃም ሊንከን በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል በሚያዝያ 1864 የፈረመው ሕግ ግን ይህን መምታታት ከሥሩ የሚነቅል ነበር። በሕጉ መሠረት ተቋሙ የኮሌጅ ዲግሪ ለመስጠት ተፈቀደለት። በ1869 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተማሪዎች ተመረቁ።

ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ ያመሩት ወደ መምህርነት ነበር። ይህም አዲስ ነገር አልነበረም። በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ሲጀመር መምህር የሚሠለጥንበት ዩኒቨርሲቲም ሆነ ኮሌጅ አልነበረም። ከየኮሌጁ የወጡ ወጣቶች ወደ ሃርትፎርድ ሄደው ከክሌርክ የእጅ ምልክትን ይማሩና በየክፍላተ ሀገሩ ወደሚከፈቱት አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር። ማለት፣ የመጀመሪያው የመምህራን መምህር የማይሰማ ሰው ነበር። ከትምህርት ቤቶቹ የወጡ ጎበዝ ተማሪዎችም ተመልሰው ያስተምሩ ነበርና፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ ከነበሩት የዚህ ሙያ መምህራን 40 ከመቶ ያህሉ ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ነበሩ። ሕፃኑ ልጅ ገና ከደጃፉ ሲገባ እንደ እርሱ የማይሰማ፣ ነገር ግን የተማረና የተከበረ ጎልማሳ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያገኝ ነበር።

ይህን ሥርዓት ያናወጠው ትልቁ ማዕበል የመጣው ከአውሮፓ ነው። በ1880 በጣሊያን ሚላኖ ከተማ የተሰበሰበው የመምህራን ጉባኤ የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወገድና ልጆቹ በንግግርና በከንፈር ንባብ ብቻ እንዲማሩ በ160 ድምፅ ለ4 ወሰነ። ከ164ቱ ተወካዮች መካከል መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበር። እርሱም ከጋላውዴት ጋር የሄደው የዋሽንግተኑ የኬንዳል ትምህርት ቤት ኃላፊ ጄምስ ዴኒሰን ነው። ጋላውዴት በጉባኤው ላይ ተቃውሞውን ተናገረ፤ የሰማው ግን አልነበረም። ራሱ ጋላውዴት ንግግር እንዳይሰጥ የሚል ሰው አልነበረም። የሚቻለው ልጅ ንግግርን ይማር፣ የምልክት ቋንቋ ግን ለሁሉም ይኑር የሚል፣ የተጣመረ ዘዴ ተብሎ የሚታወቅ መካከለኛ መንገድ ነበረው። ቤል በበኩሉ በ1883 ለአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ሰፊ ጥናት፣ መስማት የተሳናቸው እርስ በርሳቸው እየተጋቡ ልዩ የሰው ዘር እንዳያበቅሉ እሠጋለሁ አለ። ለመፍትሔም አዳሪ ትምህርት ቤቶቻቸው እንዲቀሩ፣ የምልክት ቋንቋቸው እንዲተውና መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሙያው እንዲወገዱ ሐሳብ አቀረበ። ጥናቱ በቁጥርና በሠንጠረዥ የተሞላ ነው፤ ሆኖም መነሻው ሥጋት ስለነበረ ቁጥሩ ሁሉ ወደዚያው ሥጋት የሚያመራ ሆኗል።

እንግዲህ የ1891 የ5,000 ዶላር ክርክር ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ቤል በዓመቱ አስቀድሞ ለማይሰሙ ሰዎች ንግግርን የሚያስፋፋ ማኅበር አቋቁሟል፤ በማሳቹሴትስ ኖርዝሃምፕተን የሚገኘውና የቤል አማት ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የነበረው የክላርክ ትምህርት ቤትም በንግግር ዘዴ ብቻ የሚያስተምሩ መምህራንን ማውጣት ጀምሯል። ሁለቱ ወገኖች የቀራቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እርሱም ቀጣዩን የመምህራን ትውልድ የሚቀርጸው ማን ነው የሚለው ነው። ኮንግሬስ በቤል ተቃውሞ የተጠየቀውን 5,000 ዶላር ነፈገና፣ በምትኩ ለኮሌጁ ተማሪዎች የንግግር ትምህርት እንዲሰጥበት 3,000 ዶላር ፈቀደ። ጋላውዴት ግን በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። ንግግር የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል ከተባለ፣ ለሥልጠና የሚመጡት ወጣቶች በልምምዳቸው ይህንኑ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። በዚህ ብልሃት በ1891 መኸር ኖርማል ዲፓርትመንት የተባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ክፍል ሥራ ጀመረ።

ለዚህ ብልሃት የተከፈለው ዋጋ ግን ከዶላሩ የከበደ ነበር። ጋላውዴት የተቃዋሚውን ክስ ለማርከስ ሲል፣ በክፍሉ የሚሠለጥኑት መስማት የሚችሉ የኮሌጅ ምሩቃን ብቻ እንደሚሆኑ አስረዳ። እንደተናገረውም ሆነ። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በተሠራ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ፣ መስማት የተሳናቸው የማይገቡበት አንድ ክፍል ተከፈተ።

ጋላውዴትን በዚህ መውቀስ ይቀላል፤ ነገር ግን የጊዜውን ሁኔታ ማየት ያሻል። በዚያን ዓመት የምልክት ቋንቋን የሚያውቅ ሰሚ መምህር እያነሰ ይሄድ ነበር። ሚላኖ የወሰነው ውሳኔ በየትምህርት ቤቱ እየተሠራበት ስለነበረ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊነት የሚይዙት ሰሚዎች ጨርሶ ምልክት የማያውቁ ከሆነ መስማት የተሳናቸው መምህራን የሚቀጥራቸው አያገኙም። ጋላውዴት ያሰበው ነገ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሚሆኑትን ወጣቶች ዛሬ ከማይሰሙ ተማሪዎች ጋር አብሮ ማኖር ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል። ስሕተቱ የጊዜውን ስምምነት ለዘለቄታው ደንብ አድርጎ መተዉ ላይ ነው፤ ከእርሱም በኋላ የመጡት ይህን ደንብ ለመለወጥ ሲቸኩሉ አልታዩም።

የሥልጠናው አሠራር በጊዜው እጅግ የተራመደ ነበር። ሠልጣኞቹ አስቀድመው የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ስለሆኑ ትምህርታቸው በዛሬው አነጋገር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው፤ ሲጨርሱም የማስተርስ ዲግሪ ይቀበሉ ነበር። በብዙ አገሮች የልዩ ትምህርት መምህር ገና በልምድና በርኅራኄ ብቻ በሚሠራበት ዘመን፣ ይህ ሙያ ከኮሌጅ ዲግሪ በላይ የሆነ ጥናት የሚጠይቅ ነው ብሎ መነሣት ትልቅ እርምጃ ነው። ሠልጣኞቹ በኮሌጁ ግቢ እየኖሩ የጣት ፊደልንና የእጅ ምልክትን ከተማሪዎቹ ይማራሉ፤ የትምህርቱን ታሪክና ዘዴ ያጠናሉ፤ በዚያው ግቢ ባለው በኬንዳል ትምህርት ቤት ሕፃናቱ ሲማሩ ይመለከታሉ፣ ቀጥሎም በመምህራኑ ዐይን ሥር ያስተምራሉ። የመምህርነትን ሙያ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ የማስተማር ልምምድ፣ የክፍል ምልከታና ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ተጣምረው የተሰጡበት ዘመናዊ መርሐ ግብር መሆኑን ይገነዘባል።

ፍሬውም ታየ። ከሃርቫርድ ተመርቆ ወደዚህ ክፍል የመጣውና በ1893 የማስተርስ ዲግሪውን የተቀበለው ፐርሲቫል ሆል በ1910 ጋላውዴትን ተክቶ የኮሌጁ ሁለተኛ ፕሬዝዳንት ሆነ፤ እስከ 1945ም መራው። ከእርሱ ቀጥሎ እስከ 1969 የመራው ሌናርድ ኤልስታድም የዚሁ ክፍል ምሩቅ ነበር። ስለዚህ ኮሌጁ ለ59 ዓመታት ያህል የተመራው መስማት ለተሳናቸው በተዘጋው በር ባለፉ ሰዎች ነው። ከዚህ የሚበልጥ የክፍሉ የስኬት ማስረጃ አይገኝም፤ ከዚህ የሚበልጥ የደንቡ ጉዳት ማስረጃም እንደዚሁ። በሌሎች ክፍላተ ሀገር ትምህርት ቤቶች ደግሞ የክፍሉ ምሩቃን ዳይሬክተሮች ሲሆኑ፣ አብረዋቸው በአንድ ግቢ የኖሩት መስማት የተሳናቸው የኮሌጅ ምሩቃን በእነርሱ ሥር ተቀጣሪዎች ሆኑ።

የቁጥሩ ነገር ሲታይ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከመቶው 40 ያህል የነበሩት መስማት የተሳናቸው መምህራን በ1917 ገደማ ወደ 15 ወርደው ነበር። በ1919 በአሜሪካ ከነበሩት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች 80 ከመቶ የሚጠጉት ያለ ምልክት ቋንቋ ይማሩ ነበር። የቀሩት ጥቂት መምህራንም በብዛት የሚመደቡት በማተሚያ፣ በእንጨት ሥራና በስፌት ክፍሎች፣ ወይም በንግግር ዘዴ አልቻሉም ተብለው ወደ ኋላ ለቀሩት ትላልቅ ልጆች ነበር። አንድ ልጅ የማይሰማ መምህር የሚያገኘው ሰሚው መምህር ተስፋ ከቆረጠበት በኋላ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው የዋሽንግተኑ ክፍል ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ከሌሎቹ ማሠልጠኛዎች ጋር ሲነጻጸር ምልክትን ያላባረረ እርሱ ነው። ሆኖም የሙያው ከፍተኛ ዲግሪ ለማን እንደሚገባ አርአያ ሆኖ አሳይቷል። የማይሰሙት ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1884 ከዚሁ ኮሌጅ የተመረቀውና መምህር የነበረው ጆርጅ ቬዲትዝ ብሔራዊ ማኅበራቸውን በመራበት ወቅት ለምልክት ቋንቋ መጠበቂያ ገንዘብ እንዲሰበሰብ አደረገና፣ በ1913 በፊልም ፊት ቆሞ በእጁ ተናገረ። ቋንቋው ድምፅ ስለሌለው፣ ሌላው ሰው በጽሑፍ የሚያስቀረውን አቤቱታ እርሱ በተንቀሳቃሽ ሥዕል አስቀረው። ያ ፊልም እስከ ዛሬ አለ።

በሩ ሌላም መዝጊያ ነበረው። በ1905 የኬንዳል ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎች ወደ ሜሪላንድ ተልከው፣ የዋሽንግተን ልጆች ከቤታቸው ደጃፍ ባለው ትምህርት ቤት ሳይማሩ ኖሩ። አንዲት እናት በፍርድ ቤት ከረታች በኋላ በ1952 ልጆቹ እንዲመለሱ ቢደረግም፣ የተሰጣቸው ለብቻቸው የተለየ ሕንፃ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለእነዚያ ተማሪዎች የሚገባቸውን ዲፕሎማ ያደለው በሐምሌ 2023 ነው፤ በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ በሕይወት አልነበሩም። በ1925 በአላባማ የተወለደውና በአሥራ አንድ ዓመቱ በማጅራት ገትር ሕመም መስማት ያቆመው አንድሩ ፎስተር ወደ ጋላውዴት ኮሌጅ ለመግባት ሲያመለክት በቆዳው ቀለም ምክንያት ተመልሷል። በኋላ በ1951 ገባ፤ በ1954ም በኮሌጁ የመጀመሪያ ዲግሪ የተቀበለ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። የማስተርስ ዲግሪውን በትምህርት የወሰደው ግን በዋሽንግተን አይደለም። በሚሺጋን፣ ኢፕሲላንቲ ከተማ፣ የልዩ ትምህርት መምህራንን ማሠልጠን ቀድሞ በጀመረው ስቴት ኖርማል ኮሌጅ በ1955 ተቀበለ።

ፎስተር ያን ዲግሪ ይዞ የሄደው ወደ አፍሪቃ ነው። በ1957 በአክራ ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1987 በሩዋንዳ በአውሮፕላን አደጋ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ በአሥራ ሦስት የአፍሪቃ አገሮች ከሠላሳ በላይ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ ምክንያት ሆነ። ከሁሉም የሚልቀው የአሠራሩ ጠባይ ነው፤ መስማት የተሳናቸው አፍሪቃውያንን ራሳቸውን አሠልጥኖ መምህራንና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ያደርጋቸው ነበር። ይህ ክሌርክ በሃርትፎርድ ይሠራው የነበረው ነው፤ ቤል ያስቀረው ደግሞ ይኸው ነው። በኢትዮጵያ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ዘመናዊ ትምህርት በ1960ዎቹ ሲጀመር የአሜሪካ ሚሲዮናውያን እጅ ስለነበረበት፣ የአሜሪካው ምልክት በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ላይ አሻራውን ትቷል። የእጅ ፊደሉ ግን ከአገሩ ፊደል የተቀዳ ነው፤ የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ዘር፣ የእጁ እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ያሳያል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይኸው ቋንቋ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2008 ነው።

በአሜሪካ የተዘጋው በር የተከፈተው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው የመንግሥት ገንዘብ ነው። ኮንግሬስ በ1958 የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ላለባቸው ልጆች መምህራንን የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች በየዩኒቨርሲቲው እንዲማሩ፣ በ1961 ደግሞ መስማት ለተሳናቸው ልጆች መምህራን እንዲሠለጥኑ የገንዘብ ድጎማ የሚሰጡ ሕጎች አወጣ። በዚህም የልዩ ትምህርት የድኅረ ምረቃ ክፍሎች በየዩኒቨርሲቲው በዙ። ከእነዚህ አንዱ በካሊፎርኒያ ሳን ፈርናንዶ ቫሊ ኮሌጅ በ1962 የተከፈተው፣ ለትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች የማስተርስ ዲግሪ የሚሰጥ መርሐ ግብር ነበር። በ1964 ሁለት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎችን ተቀብሎ በአስተርጓሚ እየታገዙ ከሰሚዎች ጋር እንዲማሩ አደረገ። ለሰባ ዓመታት ያህል በክርክርና በሥጋት ሲታጠር የኖረው ነገር፣ አንድ አስተርጓሚ በክፍሉ ፊት በማቆም ተቻለ። የጋላውዴትም የድኅረ ምረቃ ክፍል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይዞት የኖረውን ደንብ ተወ።

ሁለተኛው አቅጣጫ ዕውቀት ነው። በ1955 የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ወደ ጋላውዴት የመጣው ዊልያም ስቶኪ፣ ተማሪዎቹ በእጃቸው የሚነጋገሩትን ሲመለከት እንደ ሌላው ሁሉ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ሆኖ አልታየውም። የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን በ1960 ባሳተመው ጥናት አስረዳ፤ በ1965ም መስማት ከተሳናቸው ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ከዶሮቲ ካስተርላይንና ከካርል ክሮንበርግ ጋር መዝገበ ቃላቱን አወጣ። የሥራ ባልደረቦቹ መጀመሪያ ላይ ሳቁበት። የሚያስገርመው መሳቃቸው አይደለም፤ ከ1891 ጀምሮ በዚያ ግቢ በየዓመቱ ምልክትን የተማሩ የማስተርስ ተማሪዎች እያሉ፣ የተማሩት ነገር ቋንቋ መሆኑን ለማጥናት የተነሣ ሰው እስከዚያ ድረስ አለመኖሩ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ቋንቋውን ከሁሉ አስበልጠው የሚያውቁት ሰዎች ተመራማሪ ወደሚሆኑበት ክፍል አይገቡም ነበር።

የቀረው የአመራሩ ወንበር ነበር። በመጋቢት 1988 ዩኒቨርሲቲ ለመሆን ከበቃ ሁለት ዓመት ያልሞላው ተቋም አዲስ ፕሬዝዳንት ሲመርጥ፣ ለመጨረሻው ውድድር ከቀረቡት ሦስት ዕጩዎች ሁለቱ መስማት የተሳናቸው ሆነው ሳለ ቦርዱ ሰሚዋን ኤልሳቤት ዚንሰርን መረጠ። ተማሪዎቹ የግቢውን በሮች ዘጉ፤ መምህራንና ሠራተኞች ተባበሩ፤ ሰልፉም ወደ ኮንግሬስ አመራ። ጥያቄያቸው አራት ነበር፤ ተመራጯ እንዲለቁና መስማት የተሳነው ፕሬዝዳንት እንዲሾም፣ የቦርዱ ሊቀ መንበር ከሥልጣን እንዲወርዱ፣ ከቦርዱ አባላት 51 ከመቶው መስማት የተሳናቸው እንዲሆኑ፣ በሰልፈኞቹም ላይ ቅጣት እንዳይደርስ። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ተፈቀደ። በ124 ዓመት ታሪኩ የመጀመሪያው መስማት የተሳናቸው ፕሬዝዳንት አይ ኪንግ ጆርዳን፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1970 ከዚያው ከጋላውዴት፣ ዶክትሬታቸውን ደግሞ በ1973 ከቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ያገኙ የሥነ ልቡና መምህር ነበሩ። በተማሪዎቹ መፈክርና በጋዜጦቹ ፎቶግራፍ መካከል ብዙም ያልተወሳው ይህ ነው። መስማት የተሳናቸው የዶክትሬት ባለቤቶች ባይኖሩ ኖሮ ቦርዱ ብቁ ሰው አላገኘሁም ለማለት በተቻለው ነበር፤ በ1891 ቢሆን ኖሮም ይህን መልስ የሚያፈርስበት ማስረጃ የትም አልነበረም።

የሚላኖን ውሳኔ የዚያው ዓይነት ዓለም አቀፍ ጉባኤ በካናዳ ቫንኩቨር ተሰብስቦ በይፋ የሻረው በ2010፣ ከ130 ዓመት በኋላ ነው። በጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል መስማት የተሳናቸውና ሰሚዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዛሬ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉ፤ የመማሪያውም ቋንቋ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋና እንግሊዝኛ ናቸው። ወደ ክፍሉ ለመግባት የሚያመለክተውም ሰው ጆሮው መስማቱ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የምልክት ቋንቋ ችሎታው ነው።